የንጉሡ አልጋ

የቲኬት ተቆጣጣሪው ጎብኚዎቹን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረና፣ "ዘጠኝ ሰው፣ ስምንት ቲኬት" አለ።

"ስምንት ናቸው" አለ ቤኻማን።

"እዚያ ጋ ቀይ ሻል የለበሱትስ?" ተቆጣጣሪው በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየና ሳቀ። "እትዬ ቺኒማያ ናቸው ለካ። ጋሼ፣ እሳቸው እርስዎን ያስጎብኙ እንጂ። ከዚሁ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ተወልደው ምን ሊታያቸው ነው?"

"ዛሬ አብራን ትዞራለች" አለ ቤኻማን። የአስጎብኚነት ካርዱን አንገቱ ላይ አስተካክሎ ወደ አደባባዩ ገባ።

ተቆጣጣሪው ወሬውን አልሰማም ማለት ነው። በፓታን ከተማ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ቺኒማያ መጀመሪያ የጎረቤቶቿን ስም ረሳች፤ ቀጥሎ የልጇን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጋዙን ከፍታ ሳትለኩሰው ወጥታ ሄደች፤ የጭነት መኪኖች ከሚያልፉበት ድልድይ ላይ በባዶ እግሯ ስትሄድ አገኟት። ቀን ቀን የምትጠብቃት ሴት ትናንት የተነከሰ እጇን ለቤኻማን አሳይታ፣ "ለእርስዎ አዝኜ ነበር እስካሁን የቆየሁት" ብላ ሥራውን ተወች። ቺኒማያ አርባ አራት ዓመት አብሯት የኖረውን ባሏን፣ ቤኻማንን፣ ማን እንደሆነ ካላወቀችው ሦስተኛ ወሯን ይዛለች።

ጠዋት ልጃቸው ሱሎቻና ከፖካራ ደውላ ነበር።

"አባዬ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አንድ አልጋ ተገኝቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቁን። ከዚያ ለሌላ ይሰጡታል።"

"እንዲህ በጥድፊያ?"

"የምን ጥድፊያ? ሁለት ዓመት ሙሉ 'ቆይ' ስትለኝ አይደል የኖርከው? እኔ አማቴን አስታምማለሁ፣ ሁለት ልጅ አለብኝ፣ ልወስዳት አልችልም። አንተም ሰባ ሞላህ። አንድ ሌሊት ከነቤቱ ትቃጠሉና እኔ በሬዲዮ እሰማለሁ።"

"እግሯ አልረሳም" አላት ቤኻማን። "በየማለዳው መቅደሱን ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ማንም አይመራትም። በቀኝ እጇ አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ። እሱ እስካለ ድረስ እናትሽ አለች።"

"እሺ አባዬ" አለች ሱሎቻና። "ስድስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።"

አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጎብኚዎቹ ከፑኔ የመጡ ጡረተኛ መምህራን ናቸው፤ ጥላ የያዙ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ረጅም ጥያቄ የሚወዱ። ቤኻማን ትልቁን ደወል አሳያቸው። ቀጥሎ ከረጅሙ ዓምድ ሥር ጥላ ፈልጎ አቆማቸው። ቺኒማያ ከሁሉም ፊት ቆመች፤ ሻሏን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ እንደ እነሱ ሽቅብ አየች።

ከዓምዱ ጫፍ ላይ ከነሐስ የተሠራ የጥንት ንጉሥ ተቀምጦ ቤተ መንግሥቱን ይመለከታል። ከጀርባው እባብ አንገቱን ዘርግቶ ጥላ ሆኖታል፤ በእባቡ ራስ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች።

"ልጁ ሲሞትበት ዙፋኑን ትቶ መነነ ይባላል" አለ ቤኻማን በሂንዲ። "ሲሄድ፣ 'ይቺ ወፍ እስካልበረረች ድረስ አልሞትኩም፤ እመለስ ይሆናል' አለ። ስለዚህ አንድ መስኮት ክፍት ይተውለታል። አልጋው ይነጠፍለታል። የትምባሆ ማጨሻ ጋያውም ተዘጋጅቶ ይቀመጥለታል።" ከዚያ ለሚስቱ በራሳቸው በኔዋር ቋንቋ አሳጥሮ ደገመላት።

"ታዲያ መጣ?" አለችው ቺኒማያ።

"ገና ነው።"

"ስንት ጊዜው?"

"ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል።"

"ኧረ ይሄስ ቀርቷል" አለች፤ ወደ ጎን ዞራ ሳቀች። ሳቋ የድሮው ሳቅ ነበር። ቤኻማን ፊቱን ወደ ዓምዱ አዞረ።

ጎድቦሌ የሚባሉት የሒሳብ መምህር ጥላቸውን ዘቅዝቀው እጃቸውን አወጡ። "አልጋውን እስከ ዛሬ ድረስ ያነጥፉታል?"

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልሱ "አዎ" ነበር። ጎብኚዎች "አዎ" ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ ወደ መስኮቶቹ ቀና ብለው ፎቶ ያነሳሉ።

"እኔ ሲያነጥፉ አይቼ አላውቅም" አለ ቤኻማን።

ጎድቦሌ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ ፊቱን ሲያዩት ግን ፈገግታቸውን ተዉት።

ቺኒማያ በየማለዳው ከምትዞረው ከድንጋዩ የክሪሽና አምላክ መቅደስ ሲደርሱ አበባ ሻጯ ዲልኬሻሪ እንደ ልማዷ ከደረጃው ሥር አበባና የቅቤ ኩራዝ ዘርግታ ተቀምጣለች። "እትዬ፣ ዛሬማ አረፈዱ" አለቻት፤ ሳትጠየቅ ቢጫ አበባ መርጣ አስጨበጠቻት። "ጋሼ ቱሪስት አድርገው ይዘውዎት ይዞራሉ አሉ። የዛሬ ዓመት ደግሞ አውሮፕላን ያሳፍሩዎታል።"

"ይስጥሽ ልጄ" አለች ቺኒማያ።

ቤኻማን ለጎብኚዎቹ ስለ ሃያ አንዱ ጉልላትና ግድግዳውን ዞሮ ስለተቀረጸው የዘመዳሞች ጦርነት መናገር ነበረበት። ግን እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆመ። ሊመራት አልፈለገም፤ በዓይኑ እንኳ መንገድ እንዳያሳያት ወደ እግሯ ብቻ አየ። ከዓመታት በፊት ከተማዋን ከመታው የምድር መናወጥ በኋላ ሕዝቡ ተሰልፎ የፈረሱትን መቅደሶች እንጨት ሲቀባበል፣ ይህ የየትኛው ጣሪያ ነው፣ ያኛው የየትኛው በር ነው እያለች ለባለሙያዎቹ ትለይላቸው የነበረችው እሷ ነበረች። አሁን የቀራት እነዚህ ሁለት እግሮች ናቸው።

ቺኒማያ ከመቅደሱ ፊት ቆመች። አበባውን ግንባሯ ላይ አስነካችና ደረጃው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረችና መቅደሱን በግራዋ አድርጋ መሄድ ጀመረች።

ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ። ቤኻማን ትመለሳለች ብሎ ጠበቀ። በስምንተኛው ላይ መቁጠሩን ተወ።

መቅደስ በቀኝ እጅ ይዞራል። በግራ የሚዞረው ሬሳ ነው፤ ልጅ የአባቱን አስከሬን ሊያቃጥል ሲል በግራ ይዞረዋል። ይህን ማንም ተቀምጦ አይማረውም፤ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ለአምልኮ የመጡት ሴቶች ፊት ለፊት ሲመጡባት ግራ ተጋብተው ወደ ዳር ወጡ።

"እትዬ፣ በዚያ አይደለም" አለች ዲልኬሻሪ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። "ኧረ ጋሼ፣ ይመልሷቸው።"

"ምነው፣ ማን ሞቶባት ነው?" አለች አንዲት አልፋ ሂያጅ።

የጎድቦሌ ባለቤት ወጉ በአገራቸውም ያው ነውና ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። ጠጋ ብለው ክንዷን ያዙና ቀስ አድርገው ሊያዞሯት ሞከሩ። ቺኒማያ እጇን መነጨቀች፤ ጥርሷ ታየ፤ ከጉሮሯ ቤኻማን በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ የሰማው ድምፅ ወጣ።

"ይተዋት እመቤቴ" አላቸው። "አደራ፣ ይተዋት።"

ሁሉም ያዩት ነበር። ቤኻማን በዚህ መቅደስ ዙሪያ አንድም ቀን በግራ ተራምዶ አያውቅም፤ ዝናብ እያባረረውም፣ ጎብኚ እየጠበቀውም በቀኝ ይዞር ነበር። ጫማውን አወለቀ። ደርሶባት ከጎኗ ሆነና፣ መቅደሱን በግራው አድርጎ አብሯት መሄድ ጀመረ።

"ሰዎቹ ለምን ያዩናል ጌታዬ?" አለችው ትንሽ እንደሄዱ።

"በተቃራኒው ስለምንሄድ ነው።"

"የሳቱትስ እነሱ ናቸው።"

"ይሆናል።"

በዚህ አቅጣጫ ሲኬድ የግድግዳው ታሪክ ከመጨረሻው ይጀምራል። የተቃጠለው ሬሳ መጀመሪያ መጣ፣ ቀጥሎ የወደቁት ፈረሶች፣ ቀስቶቹ፣ ገና ያልተጣሉት ወንድማማቾች።

"ሚስት አለዎት?" አለችው በሁለተኛው ዙር።

"አለችኝ።"

"የት ናት?"

"ቤት" አለ።

"ብቻዋን ትተዋት ወጡ?" ቆም ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ነውር ነው። ሽማግሌ ሰው እንዲህ አያደርግም።"

"ልክ ነሽ" አላት።

ሦስተኛውን ዙር ጨረሱ። ዲልኬሻሪ ጫማውን ስታቀብለው ዓይኑን አላየችውም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአደባባዩ ጫፍ፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ ከተሠራው ምንጭ ደርሰው ነበር። ጎብኚዎቹ ወርደው እጃቸውን ከድንጋዩ ቧንቧ ሥር ሲያርሱ፣ ቺኒማያም በመካከላቸው ውሃውን በእፍኟ ትቀበል ነበር። ቤኻማን ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚጮኸውን ስልክ ትንሽ አየውና አነሳው።

"አባዬ?"

"አልጋውን ያዙልን በያቸው።"

ሱሎቻና ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር። "ምን ተፈጠረ?" አለች።

"ምንም። መቅደሱን ዞርን።"

"አታልቅስ እንግዲህ።"

"አላለቀስኩም። መኪናው መቼ ይመጣል?"

"ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት። ልብስ ብቻ ይዘህላት ጠብቅ፤ ሌላው እዚያ አለ። እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ክፍሏን አጸዳዋለሁ፣ ያንን አሮጌ ፍራሽም አውጥተን እንጥለዋለን።"

"አልጋዋን እንዳትነኪ።"

"አባዬ፣ አትመለስም እኮ። እያወቅክ።"

"አውቃለሁ" አለ ቤኻማን። "እንዳትነኪው። እኔ አነጥፈዋለሁ።"

ስልኩን ኪሱ ከተተና የደረጃውን ዳር ይዞ ተነሣ። እንደ ሁልጊዜው፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ጎብኚዎቹን ቆጠረ። ዘጠኝ ነበሩ።