የረቡዕ ባዶ ቦታ

3.

«ረቡዕ የተጫወታችሁበት ድምፅ የእናቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ዐርፋለች። ቀብሯ ነገ ነው። ሙሉውን ላኩልኝ።»

(ከሦስት የጀመርኩት ይህ መልእክት ሲደርሰኝ አንድና ሁለት ቀድመው ተበላሽተው ስለነበር ነው።)

1.

ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ፣ የቤተ መዛግብታችን ኃላፊ ዶክተር ኅሩይ «ከሕዝብ ጋር መቆራረጥ የለብንም» አሉ። የቴሌግራም ቻናል ከፈትን። በየረቡዑ ከድሮ ካሴት ትንሽ እወስድና አንድ ቃል ቆርጬ እለጥፋለሁ። ሰዉ የጎደለውን ይገምታል። የጨዋታው ስም «ባዶ ቦታውን ሙሉ» ነው። ቀድሞ ላወቀ የሞባይል ካርድ እንሸልማለን።

ሰዉ ወደደው።

2.

አንድ ረቡዕ የወይዘሮ አንጓችን ድምፅ ለጠፍኩ። የከተማው አልቃሽ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ተመራማሪ የቀዳቸው ካሴት ነው። እኔ መጨረሻውን ብቻ ነበር የሰማሁት፤ እዚያ ስም አይጠራም።

ከአስተያየቶቹ፦

— ሃሃሃ፣ አክስቴ ኔትወርክ ሲቆራረጥባት

— የስልኬ መጥሪያ አደርገዋለሁ

— ሟቹ ማነው? ካርዱን ለእሱ ስጡት

ዶክተር ኅሩይ «ግንኙነት ማለት ይኸው ነው!» አሉ።

4.

ደወልኩለት።

ስንሻው፦ ልጇ ነኝ። ስንሻው እባላለሁ፣ ጋራዥ ነው የምሠራው።

እኔ፦ ነፍስ ይማር፣ ጋሽ ስንሻው።

ስንሻው፦ ስንቱን ሬሳ ሸኝታ እሷን የሚሸኛት ጠፋ። ለቀብር ከጥቂት ሰው በላይ አይፈቀድም ተባለ። አልቃሽም የለም። እና ራሷ ታልቅስ ብዬ ነው።

እኔ፦ ለራሳቸው?

ስንሻው፦ ከእሷ የተሻለ ማን አለ?

(ይስቃል። ሳቁ ሳል ሆኖ ያልቃል።)

5.

— ባለድምፅዋ በጽሑፍ ካልፈቀዱ ሙሉ ቅጂ አይወጣም።

— ሞተዋል እኮ፣ ዶክተር።

— ታዲያ ደንቡን አብሬ ልቅበረው?

ልሰናበታቸው ስል አቆሙኝ።

— ቆይ። ቀብሩን በስልኩ ቀድቶ ይላክልን። ለኮሮና ስብስባችን ይሆናል። በልዋጩ ስጠው።

6.

ከመላኬ በፊት ካሴቱን ከመጀመሪያው አዳመጥኩ።

ተመራማሪው፦ እስቲ ትንሽ ያልቅሱልን።

ወይዘሮ አንጓች፦ ሬሳው የታለ?

ተመራማሪው፦ ለምሳሌ ያህል ነው፣ እማማ።

ወይዘሮ አንጓች፦ ሬሳ ሳይኖር ማልቀስ ሟርት ነው።

ተመራማሪው፦ ለትምህርት ነው።

ወይዘሮ አንጓች፦ የሰው ልጅ ስም ጠርቼ ነገ ቢሞትስ? ... በሉ፣ በራሴው ልጅ ይሁን። የእኔ አፍ እሱን አይነካውም። ደብሬ፣ ተቀበይኝ!

እትዬ ደብሬ ጎረቤታቸው ናቸው። አልቃሿ ስም ስትጠራ ስሙን እየደገሙ ይቀበላሉ።

*የቤቴ ምሰሶ፣ ስንሻው አንተ ልጄ፣*
*ማን «እማዬ» ብሎ ይቆማል ከደጄ።*

7.

አቆራረጡ፦

በመጀመሪያ ያለውን ንግግር በሙሉ አንሣ። ለቅሶው ውስጥ ስሙን ፈልግ። የተቀባይዋንም አትርሳ። ከስሙ በፊት ያለውን ትንፋሽ ተወው። ስሙን አጥፋ። ቦታውን ግን አትዝጋው፤ ከዘጋኸው ዜማው ይሰበራል።

የረቡዕ ሥራዬ ነው፣ እጄ ለምዶታል።

«ልጄ» የሚለውን ተውኩት። አልቃሽ ሟችን ሁሉ ልጄ ትላለች። ስሙን ያጠፋሁት ሰው በእናቱ መቃብር ላይ የራሱን ለቅሶ መስማት የለበትም ብዬ ነው። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም።

8.

*የቤቴ ምሰሶ፣               አንተ ልጄ፣*

9.

ስንሻው ቃሉን ጠብቆ የቀብሩን ቅጂ ላከልኝ።

አካፋ ይሰማል። ማስክ ያፈነው ሳል ይሰማል። ከዚያ ከጋራዡ ፒካፕ ድምፅ ማጉያ ወይዘሮ አንጓች መጡ። ሲያለቅሱ ጥቂቱ ሰው አብሮ አለቀሰ። ያምራል።

*የቤቴ ምሰሶ፣*

ዝምታ።

«ስንሻው!»

ከካሴቱ አይደለም። እትዬ ደብሬ ናቸው፣ ራቅ ብለው ከቆሙበት። ዜማው ክፍተቱ ላይ ሲደርስ አፋቸው እንደ ድሮው ተቀበለ።

*አንተ ልጄ፣* አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«ውይ! ውይ አፌን! አፌን ይቁረጠው!»

አካፋው ቆመ።

10.

ስንሻው፦ አንተ ልጅ፣ ተመርምሬ አለብህ አሉኝ። ማቆያ አስገብተውኛል።

እኔ፦ እግዜር ይማርዎት።

ስንሻው፦ እሱን ተወው። እትዬ ደብሬ ስልኬን አታነሣም። ባዶው ላይ ማን ነበር?

እኔ፦ ካሴቱ አሮጌ ስለሆነ...

ስንሻው፦ ዕድሜውን ነው የጠየቅሁህ?

(ትንፋሹ ይሰማል።)

ስንሻው፦ የሌላ ሰው ስም ከሆነ አሮጊቷ ተሳስታ ነው ብዬ እተኛለሁ። የእኔ ከሆነ ግን እናቴ ጠርታኝ ሄዳለች ማለት ነው። ጻፍልኝ። ማውራት ያደክመኛል።

11.

ከዶክተር ኅሩይ፦

«የቀብሩ ቅጂ ድንቅ ነው! ረቡዕ ይለጠፍ። አሮጊቷ የጮኸችውን ስም ቁረጥና ሰዉ ይገምት።»

ግንኙነት።

12.

የሌላ ሰው ስም ብጽፍለት ይተኛል። ግን የሰው ልጅ እንዳይሞት ብላ የራሷን ልጅ የጠራችው ሴት አብራ ትጠፋለች። እውነቱን ብጽፍለት እናቱን ያገኛታል፤ ሳንባው በተያዘበት ሰዓት፣ ስሙን ይዛ ስትጠራው። ንግግሩን አያይዤ ብልክለትስ? «የእኔ አፍ እሱን አይነካውም» ስትል ይሰማታል። ይህን ያለችውን ሴት ደግሞ ራሱ ቀብሯታል።

ስልኬ መስመር ላይ መሆኑን ያሳያል። እየጠበቀ ነው።

13.

ዛሬ ረቡዕ ነው። እናንተም ካሴቱን ከመጀመሪያው ሰምታችኋል።

ባዶ ቦታውን ሙሉ። ሽልማት የለውም።

«ጋሽ ስንሻው፣ እዚያ ላይ እናትዎ የጠሩት ስም



                                        ነው።»