ጤና ኬላችንን በደቦ ያፈረስን ጊዜ

ከወሎ መጥተን ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ ከሰፈርን ጀምሮ ወንዳፈረው ሊቀመንበር ነው። እሱ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። እኔን «አራተኛ» እያለ ይጠራኛል፤ ትምህርት ያቋረጥኩበትን ክፍል ማለቱ ነው። ስብሰባ ላይ እጄን ባወጣም አያየኝም።

አምና ወንዳፈረው ለስብሰባ ጠራን። ነዳጅ ፈላጊ ኩባንያ በእኛ በኩል ቦታ ተከራይቷል፤ ክልሉ ከኪራዩ ድርሻ ስላለው ጤና ኬላ ለሌላቸው ቀበሌዎች አልጋ ላለው ትልቅ ጤና ኬላ በጀት ተይዞላቸዋል አለን። እኛ ግን አንዲት አለችን፤ ጭቃ ረግጠን የሠራናት፣ ቆርቆሮዋ የዛገ። እሷ ቆማ እየታየች ማንም ስለማይመዘግበን እናፍርሳት አለ።

ገንዘቡ ሳይመጣ እንዴት ተብሎ አልኩ።

«ደግሞ አራተኛ በጀት ሊያስተምረን ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ።

ሚስቴ ሺታዬ ስኳር አለባት። የእግሯ ቁስል የሚታጠብላት እዚያችው ጤና ኬላ ነበር። እሷም ይፍረስ ብላ እጇን አወጣች፤ አልጋ የሚለው ነገር ልቧን ወሰደው።

በደቦ አፈረስናት። ከደቦ የቀረ ሰው ነገ ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝምና እኔም ሄድኩ። ሴቶቹ ጠላ አቀረቡ፣ እየዘፈንን በአንድ ቀን ጨረስን። ነርሷ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረች።

ክረምቱ ገባ፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አልመጣም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሺታዬን አቦቦ ከተማ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሞተረኛ ጠፋ። እኔ ግማሹን በእግሬ፣ ግማሹን በጭነት መኪና አድርጌ ገንዘቡን ልጠይቅ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። ክልሉ በጀት ክፍል ያገኘሁት ኛቶክ የሚባል የአኙዋ ብሔረሰብ ሰው ነው። ወንበር ሰጥቶ አስረዳኝ። ሕጉ ተሻሽሏል፤ ኩባንያዎች እንዲበረታቱ ተብሎ ነዳጅ እስኪወጣ ድረስ የቦታ ኪራይ ቀርቶላቸዋል። ክልሉ ከኪራዩ ይመጣል ብሎ የመደበው ሁሉ ተሰርዟል።

«አባቴ፣ ለአዲስ ግንባታ የለም» አለኝ። «ለጥገና ግን ትንሽ አለች። የቆመ ቤት አላችሁ?»

«ነበረን። አፍርሰነዋል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን አፍርሱ አላችሁ?»

«ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው።»

ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፤ አልሳቀም።

ወንዳፈረው ዛሬም ሊቀመንበር ነው። ሕጉ ነው የከዳን ይላል፤ ሰዉም አዎ ይለዋል።

ለሺታዬ ሁሉንም ነገርኳት። እግሯን ዘረጋችልኝ። ውሃ በጨው አፍልቼ አጠብኩላት። ከመሄዴ በፊት ስነካው ትጮህበት የነበረውን ቦታ አሁን ጫን ብዬ ጠረግኩት። መታጠቡን እንኳ አላወቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ጀምር አለችኝ።