ክዳን እንዳትነኩ

"ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት…"

"በቃ! ደቂቃው ሞላ!" አሉ አከራይዋ፣ ዓይናቸውን ከሰዓታቸው ላይ ሳይነቅሉ። "ስንት አልሽ?"

"ሠላሳ አምስት፣ እትዬ።"

"ሠላሳ አምስት! ልጆቹ ምድጃውን ሳይለኩሱ እኮ ሁለት ነበር።"

እናትየዋ ከዱካው ላይ ወርዳ አንገቷን አሸት አሸት አደረገች። በረንዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ምስር የምታክል ቀይ መብራት አለችው። ቤቱ ኤሌክትሪክ በበላ ቁጥር ብልጭ ትላለች፤ ብዙ ሲበላ ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ሲበላ ቀስ እያለች። ሁለቱ ሴቶች ከቁርስ በኋላ ጀምረው ይህችኑ መብራት ሲቆጥሩ ላያቸው ሰው ጤንነታቸውን ይጠራጠር ነበር።

ነገሩ ግን የጨዋታ አልነበረም። የአከራይዋ ቤት ከፊት፣ የእናትየዋና የሁለት ልጆቿ ቤት ከኋላ ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ድሮ ወር ሙሉ የሚያዘልቀው ካርድ ከሦስት ወር ወዲህ በአሥራ ስምንተኛው ቀን እልም ማለት ጀመረ። አከራይዋ ሁለት ጊዜ ታገሡ። በሦስተኛው፣ የዛሬ ሦስት ቀን፣ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና "ወይ ምድጃው ይውጣ፣ ወይ አንቺ ቤት ፈልጊ። እስከ እሁድ ቁርጡን ንገሪኝ" አሉ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

እናትየዋ በማግሥቱ ከሥራ መልስ ሁለት ደላላ አነጋግራ ነበር። በአቅሟ የተገኘው ቤት ከሆስፒታሉ ሁለት ታክሲ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሦስት ታክሲ ይርቃል። ምድጃውን ማውጣት ደግሞ የማይታሰብ ነው። እሷ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታ የምትገባው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ልጆቹ ትኩስ ነገር የሚቀምሱት ራሳቸው ካበሰሉ ብቻ ነው።

ሌላ እናት ብትሆን ልጆቿን ደርድራ ታፋጥጣቸው ነበር። የዚህችኛዋ ጠባይ ግን ለየት ይላል። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በእንፋሎት የምታመክነው እሷ ናት፤ ነርስ ባትሆንም ባልደረቦቿ "ሲስተር እንፋሎት" ይሏታል። የማምከኛው ማሽን ከልኩ በላይ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ሌሎቹ በእርግጫ ይሉታል። እሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና ታዳምጠዋለች። "ለምን?" የምትል ቃል ከአፏ አትጠፋም። የዛሬውንም የእረፍት ቀኗን የጠበቀችው ለዚሁ ነው።

"ዛሬ እኔ የለሁም" ብላቸው ነበር ጠዋት። "ሥራ ነኝ። እኔ በሌለሁበት እንደምታበስሉት አብስሉ። አንዲት ነገር እንዳትለውጡ።"

"የለሁም ካልሽ በረንዳው ላይ የቆመችው ማን ናት?" አለች ትልቋ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ለሚነሳ ክርክር ሁሉ ፍርድ የምትሰጠው እሷ ስለሆነች ስሟ ዳኛዋ ሆኖ ቀርቷል።

"መንፈሷ ናት።"

ታናሽ ወንድሟ ድንቡሼ በሳቅ ፈረሰ። ድንቡሼ የተባለው በሕፃንነቱ ክብ ስለነበረ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ክቡ ሁሉ ወደ ላይ ተስቦ አጥንትና ክንድ ብቻ ቢሆንም ስሙን የሚቀይርለት ሰው አላገኘም።

አከራይዋ አርባ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት ጥቅል ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ በረንዳው ላይ የመጡት ለቁጥጥር ነበር። "ሁለት ልጅ ነው የሚበላው ወይስ ሰፈሩ በሙሉ?" እያሉ። አሁን ግን ነገሩ እየጣማቸው ሄዶ ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው መዳፋቸው ላይ አድርገውታል።

"ከለኮሱት አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነው" አሉ። "አንዴም ዝቅ አላለ። ምንድን ነው የሚቀቅሉት? ድንጋይ ነው?"

"ገብቼ ልየው፣ እትዬ።"

"ግቢ ልጄ። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። ከተለወጠ እጮሃለሁ።"

ማድቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። የመስኮቱ መስታወት ጭጋግ ለብሶ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የግድግዳው ቀለም ጥግ ጥጉን ተልጧል። ምድጃው ላይ የተጣደው ትልቁ ድስት አፉን ከፍቶ ይንፈቀፈቃል። ማዞሪያው የመጨረሻው ቁጥር፣ ስድስት ላይ ነው። ድንቡሼ በጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ከድስቱ አጠገብ ቆሟል። ውሃው ጎደል ሲል ይጨምራል፤ ፍላቱ ጸጥ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ይነሳል። ዳኛዋ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች።

"ስንተኛ ጆግህ ነው?" አለችው እናቱ።

"የለሽም አይደል እንዴ? መንፈስ አይጠይቅም።"

"ይሄኛው ይጠይቃል። ስንተኛህ ነው?"

"አራተኛ።"

"ምንድን ነው ውስጡ?"

"ቦሎቄ" አለች ዳኛዋ ቀና ብላ። "ድሮ እንቁላልና ዳቦ ነበር፤ ወዲያው ይደርሳል። አንቺ ከሦስት ወር በፊት እስከ ማታ መሥራት ስትጀምሪ ግን ምሳም እራትም እኛው ላይ ወደቀ። እንቁላል ደግሞ ተወደደ። በቦሎቄ እንተካው ተባባልን። አልነገርንሽም እንጂ እኮ እየቆጠብንልሽ ነው።"

አንጀቷን በሏት። ሦስት ወር ሙሉ እሷ ሳታውቅ ሁለቱ ቁጭ ብለው የቤቱን ወጪ ሲመክሩ ታዩዋት። ሳቋም መጣ፤ ቁጠባቸው ከቤት ሊያስወጣቸው ነበርና።

"ጎበዞች ናችሁ" አለች። "ግን ለምን አትከድኑትም?"

 ድንቡሼ እህቱን አየ፤ እህቱ እሱን አየች። ነውር ነገር የተጠየቁ ይመስሉ ነበር።

"ምን ሆናችሁ? ድስቱን እኮ ነው ያልኩት። ሲከደን በትንሽ እሳት ይፈላል፤ ውሃውም አያልቅም። አላስተማሯችሁም እንዴ?"

"ተምረነዋል" አለች ዳኛዋ ቀስ ብላ። "ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"አንቺ ነሻ የከለከልሽን።"

"እኔ?"

"እኔ በሌለሁበት ክዳን የነካ እጁን እቆርጠዋለሁ ያልሽው!" አለ ድንቡሼ። "ወደዚህ ቤት የገባን ሰሞን። ክዳኖቹን ሁሉ ለቃቅመሽ እዚያ ላይ የሰቀልሻቸው ጊዜ።"

ቀና ብላ አየች። ሦስቱ ክዳኖች ከጣሪያው ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። ቤት በምትውልበት ቀን ዱካ ላይ ቆማ ታወርዳቸዋለች፤ ስትጨርስም አጥባ እዚያው ትመልሳቸዋለች። ለምን ማለት የማይሰለቻት ሴት፣ እነዚህ ክዳኖች ለምን እዚያ ላይ እንደወጡ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

አሁን ትዝ አላት። አባታቸው ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ ወር አልሞላውም ነበር። ያን ቀን ሆስፒታል ፊቱ የተቀቀለ ሰው በአልጋ ሲገባ አይታ ነበር። የግፊት ድስት ነው የፈነዳበት፤ ያ ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚጠብቀው ዓይነት። ወደ ቤት ስትገባ የሰባት ዓመቱ ድንቡሼ ወንበር ላይ ወጥቶ የፈላ ድስት ሊከፍት ሲታገል ደረሰች። የተራ ድስት ክዳን ሰው ላይ እንደማይፈነዳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ደክሟት ነበር፤ ፈርታም ነበር፤ ጮኸች። በማግሥቱ ረሳችው። እነሱ ሰባት ዓመት ጠበቁት።

"ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

"ምን ብለን? እማዬ፣ ድስት እንክደን ወይ ብለን?" አለች ዳኛዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያን ቀን ፊትሽን አንቺ አላየሽውም።"

 እናትየዋ ድንቡሼን ወደ መደርደሪያው ጠቆመችው። ልጁ ዱካ አላስፈለገውም፤ እጁን ሰደድ አድርጎ ትልቁን ክዳን አወረደ።

"ክደነው።"

"የለሁም ብለሽ አልነበር?"

"መጣሁ።"

ክንዱን እስከ ጫፉ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከደነው። ምንም አልሆነም። እናትየዋ ማዞሪያውን ወደ ሁለት መለሰችው። ድስቱ አጉረመረመና ረጋ ብሎ መፍላት ጀመረ።

"ቀነሰ!" የሚል ጩኸት ከበረንዳው መጣ። "ኧረ ቀነሰ! ቆይ ልቁጠረው!" ደቂቃዋ እስክትሞላ ማድቤት ውስጥ የተነፈሰ የለም። "ዘጠኝ! ዘጠኝ ሆነ!"

እናትየዋ ስትወጣ አከራይዋ ፊታቸው በርቶ ነበር። "ምን አደረግሽው?"

"ተከደነ፣ እትዬ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። እሳቱም ተቀነሰ።"

የአከራይዋ ፊት ጠቆር አለ። ሰዓታቸውን እጃቸው ላይ መልሰው አሰሩ። "እንዴ! ጉድ እኮ ነው። ክዳን መክደን የማይችሉ ልጆች ኖረዋል ለካ። እኔ እኮ ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ለካስ ግዴለሽነት ነው። ነገሩስ ምን ይገርማል? ሰባት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር በመስኮቴ ሥር እንደ ግንድ ነው የሚያልፉኝ። ሰው ናት፣ ደህና ውላ ይሆን የሚል የለም።"

"እትዬ…"

"ይሁን። አስቤበት ቁርጡን ነገ እነግርሻለሁ። ዛሬ ተከደነ፤ ሰኞ አንቺ ስትወጪስ?" ገብተው በራቸውን ዘጉ።

እናትየዋ በረንዳው ላይ ቀረች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው ማለት። ግን ተከራይ ናት፤ አከራይ ፊት ጥፋትን በራስ ላይ መጎተት አስፈራት። ልጆቿ ግዴለሽ ሲባሉ ቆማ ሰማች። አፈረች። ሆስፒታል ውስጥ አንድ መቀስ በስህተት ብትጥል ለአለቃዋ የምታስመዘግብ ሴት፣ ይህን ዋጠችው።

ተመልሳ ገብታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። የተለመደው ጥያቄዋ ውስጧን መብላት ጀምሯል።

"ሌላስ ምን ብያችኋለሁ?"

"መቼ?" አለ ድንቡሼ።

"ያን ሰሞን። እኔ የረሳሁት፣ እናንተ የምትጠብቁት።"

ልጆቹ ተያዩ፤ ድንቡሼ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "በእርጥብ እጅ ማብሪያ አትንኩ።"

"እሱ ይቀጥላል።"

"ቆጣሪ አንባቢ ነኝ ላለ ሰው አትክፈቱ። መስኮት ላይ አትቀመጡ። አክስታችሁ ስትደውል ብቻችንን ነን አትበሉ።" ልጁ ቆም አለ። "ደም ካልፈሰሰ በቀር ሆስፒታል አትደውሉ።"

"ይህንንም ብያለሁ?"

"አለቃሽ ስልክ ይጠላል ብለሽ" አለች ዳኛዋ። መጽሐፏን ዘጋችው። "ባለፈው ክረምት እሱን ሁለት ቀን አተኮሰው። አንቺ ስትገቢ ተኝቷል አልኩሽ። ቀን ቀን በእርጥብ ፎጣ እያቀዘቀዝኩት ነበር።"

"ሁለት ቀን! ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ደም አልነበረም።"

ይህን ያለችው ለመውቀስ አልነበረም። እንደ ሁልጊዜዋ ፍርድ ስትሰጥ ነው፤ ሕጉ ይህ ነው፣ ማስረጃው አልተሟላም። እናትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልጆቼ ጨዋ ናቸው፣ አያስቸግሩኝም እያለች ስትመካ የኖረችው በዚህ ነበር ለካ።

"እትዬስ?" አለች በመጨረሻ። "ለእትዬ እንኳ እንዴት አልነገራችሁም? ሁለት እርምጃ እኮ ነው።"

"ስድስተኛዋ እሷ ናት" አለ ድንቡሼ የሌላኛውን እጁን ጣት አንስቶ። "የእትዬን በር እንዳታንኳኩ። ተከራይ ነን፤ ከሰለቸናቸው ያስወጡናል።"

 እናትየዋ ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች።

"ተነሱ።"

"ወዴት?"

"ወደ እትዬ።"

"ምን ልንላቸው?" አለች ዳኛዋ።

"እናንተ ምንም። የምናገረው እኔ ነኝ። ክዳኑን የከለከልኩት እኔ፣ በራቸውን የከለከልኩትም እኔ።"

"ከተቆጡስ?"

"ቁጣው የኔ ነው።"

"ካስወጡንስ?"

እናትየዋ ይህን እንዳልሰማ ሰው ልታልፈው ፈለገች፤ አልሆነላትም። "እውነቱን ሰምተው ያስወጡን" አለች።

ሦስቱም ግቢውን አቋርጠው አከራይዋ በር ፊት ቆሙ። እናትየዋ እጇን ልታነሳ አለችና ተወችው። ወደ ጎን ብላ ድንቡሼን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው።

"አንተ አንኳኳ።"

ልጁ ረጅም ክንዱን አነሳ። ጣቶቹን አጠፈ። እጁን እንጨቱ ጋ አድርሶ አቆመውና ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚንኳኳው?"

"እስኪከፍቱልህ" አለችው።