ሳይለበስ የጠበበ ጋዋን

ልብስ ሰፊው ልጁን «ዶክተር» ብሎ መጥራት የጀመረው የመልቀቂያ ፈተና ውጤቷ የመጣ ዕለት ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቱን ደጃፍ ገና ሳትረግጥ ጋዋኗን ሰፋላት፤ ኪሱ ላይ ማዕረጓን በሰማያዊ ክር ጠልፎ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀለው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ጋዋኑ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተንጠልጥሎ ከደንበኛው ሁሉ ጋር ተዋወቀ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ስለ ጉልበቱ ሕመም ሳይጠይቅ አይሄድም። አባትም አፉን ሞልቶ «ዶክተሯ ስትመጣ እጠይቅልሃለሁ» ይላል።

ዶክተሯ ግን ክፍል መግባት ካቆመች ሁለት ወር አልፏት ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ አላት፤ ቀጥሎ ከእንቅልፍ በቀር ሁሉም ነገር እምቢ አላት። ፀጉሯን ማበጠር የሙሉ ቀን ሥራ ሆነባት። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ እጇን ይዛ የግቢው አማካሪ ዘንድ ባታደርሳት ኖሮ ምን ልታደርግ እንደነበረ ታውቃለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

አማካሪዋ በሽታውን በስሙ ጠራችው፤ ድባቴ አለችው። በግቢው ሐኪም በኩል መድኃኒት አስጀመረቻትና አንድ ዓመት የምታርፍበትን ቅጽ ሰጠቻት። ቅጹ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ከገባ ቦታዋ ይጠበቅላታል፤ ካልገባ በቀረችባቸው ቀናት ብዛት ትባረራለች። የጎደለው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ሰው ለመታመም የአባቷ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ አይጠየቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ደረሰች። አባቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ከእግር እስከ ራሷ ቃኛት። ሜትር ሳያነሳ የሰውን ልክ በዓይኑ የሚናገር ሰው ነው፤ በዚህም ይኮራል።

«ወገብሽ ስድስት ሳንቲም ቀንሷል» አላት፣ ከሰላምታው በፊት። «ትከሻሽም ወርዷል።»

አየኝ! ብላ አሰበች። ሁለት ወር ሙሉ አስተማሪዎቿ ያላዩትን አባቴ ገና ከበሩ ላይ አየው። እንባዋ ሊመጣ ሲል አባትየው ወንበር ላይ ወጥቶ ጋዋኑን አወረደ።

«ነይ ቁሚ እስቲ። እንዲህ ሰፍቶሽ ሆስፒታል ብትገቢ የማን ልጅ ናት አይሉም?»

ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ግራና ቀኙን ሰበሰበ፤ ፈታ፣ ሰፋ፣ በካውያ ተኮሰ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ልጁ ስድስት ሳንቲም ጎደለች፤ እሱም ከጨርቁ ስድስት ሳንቲም ቀንሶ ነገሩን ጨረሰው። ከዚያ ጋዋኑን መልሶ ሰቀለና እጆቹን አራገፈ።

«አባዬ፣ እኔ አሞኛል» አለች፣ ቅጹን መቀሱ አጠገብ አስቀምጣ።

መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ደገመው።

«ድባቴ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድብርት ነው፤ ግን የባሰው። ሕመም ነው አባዬ።»

«ድብርት!» ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ድብርት ያልያዘው ማን አለ? እኔ ሠላሳ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የጎበጥኩት ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ለእኔስ ማን ፈረመልኝ?»

«ካልፈረምክ ይባርሩኛል።»

«ኧረ ቀስ በይ! ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

ይኸው ነው። ልጄ ምን ሆነች አይደለም፤ ሰው ምን ይላል ነው። በዚያ ቤት ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚታጠበው ይሉኝታ ነው፤ ልጅ ከእሱ የተረፈውን ትበላለች።

እናቷ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣች። ነገሩ ሲነገራት ደረቷን ይዛ «ምን አጎደልንብሽ?» አለች። የጎደለ ነገር ቢኖርማ ቀላል ነበር፤ የጎደለ ይሞላል።

አባት ያን ቀን ሙሉ ቅጹን መቀሱ አጠገብ እንዳለ ትቶ ሲሰፋ ዋለ። ዓርብ ጠዋት፣ ሰዓቱ ሊያልፍ ሲል፣ እስክሪብቶ አንስቶ ፈረመ። ፊርማው ግን ብቻውን አልመጣም።

«ቅጹን አስገብተሽ በጓሮ በር ግቢ። ለሰው ውጭ አገር ለልምምድ ተልካለች እላለሁ። ዓመቱ እስኪያልቅ ከጓዳ አትወጪም፤ ገበናችንን አደባባይ አታሰጪውም።»

«ለክትትልስ?»

«መድኃኒትሽን እናትሽ ታመጣለች።»

እንዲህ ሆኖ ቦታዋ ተረፈ። ለእሷ ሱቁንና ጓዳውን በሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሥር ፍራሽ ተነጠፈላት። ወዲያ ማዶ ደንበኛ ሲገባ ማሳል ክልክል ነው፤ መስኮቱም መጋረጃ ተደረገለት። ከዶርሙ አልጋ ሸሽታ እዚያው አልጋ ላይ ተመለሰች ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ ዶርሙ ውስጥ ቢያንስ የምትጎትታት ጓደኛ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ሽርጥ ልታሰፋ መጣች።

«ዶክተሯ እንዴት ናት ጋሼ?»

«ደህና ናት እትዬ። ውጭ አገር ናት፤ ሥራው ፋታ አልሰጣትም።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ለእርስዎ ልንገርዎት። ልጄ አንድ ነገር ሆናብኛለች። ከአልጋ አትነሳም፣ አትበላም፣ ሳናግራት ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምታየው። ለሰው መናገር አፈርኩ። ዶክተሯን በስልክ ይጠይቁልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ከግድግዳው ወዲህ ልጅቷ ጆሮዋን ኮምፔንሳቶው ላይ ለጠፈች። የአባቷ ድምፅ ሲመጣ ለስለስ ያለ፣ ርኅራኄ የሞላበት ነበር፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር።

«ይሄ እኮ በሽታ ነው እትዬ፤ ድባቴ ይሉታል። ምን ያሳፍራል? ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ቤትም አይዝጉባት፤ ትውጣ፣ ከሰው ትቀላቀል። ሰው ያለውን ይበል፤ ልጅ ከሰው አፍ ትበልጣለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ!» ሴትዮዋ አለቀሰች። «ዶክተር የወለደ ቤት መቼም ያስታውቃል።»

«እሷው ናት ያስተማረችኝ» አለ አባት፤ ኩራቱ ከድምፁ ይሰማል።

ልጅቷ አፏን በትራሱ አፈነች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚቀኑት በእሷ ነበር። ያን ቀን እሷ በዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ቀናች።