ሠላሳ ኩንታል ከነራሱ

የሰቆጣ ገበያ ገና ሳይበተን፣ ሹፌሩ ይግዛው ከጣልያን በቀረው ካሚዮን ኋላ ተንበርክኮ ጋንቹን ያያል። ጋንች ማለት ካሚዮኑን ከተሳቢው የሚያያይዘው ቆልማማ ብረት ነው። ሦስት ሺህ ኪሎ የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ሠላሳ ኩንታል መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ አታስጎትቱኝ ማለቱ ነው እንግዲህ።

ተሳቢው ላይ ያለው በጋዝጊብላ ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን የተሳለ ስለት ነው፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የጽድ ምሰሶ። ጠዋት ልኩን ነበር። ገበያተኛው ግን «ይችንም ለእኔ» እያለ ሲጨምር ዋለ። የዚያ ደብር ሰው ስለት አይመዝንም፤ ነውር ነው። አንዴ የተነሣ ስለት ደግሞ ደጀ ሰላም ሳይደርስ መሬት አይነካም። ታዲያ ማን ያውርደው? ጭራሽ ከላዩ ሰው ተቀምጦበታል።

ይግዛው ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። የጋንቹን መቀርቀሪያ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

«በል ንዳ እንጂ» አሉ የካሚዮኑ ባለቤት ባላምባራስ ደጅይጥኑ።

«አልነዳም፣ ባላምባራስ።»

«ሠላሳ ኩንታል ይችላል አላልከኝም? የጫንነው ከሠላሳ አያልፍም።»

«ሠላሳው ከነተሳቢው ነው። ተሳቢው ባዶውን አሥር ይመዝናል፤ እሱንም የሚጎትተው ይኸው ጋንች ነው።»

«ለአሥር ኩንታል ነው ይኼ ሁሉ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ለዚያችው ይበጠሳል። ከተበጠሰ ተሳቢው ከነሰዉ ገደል ነው። መንጃ ፈቃዱም የእኔ ነው፤ ሕግ የሚይዘው እኔን ነው።»

ጓንጉል የሚባል ጎልማሳ ከጭነቱ ላይ ሆኖ ሳቀበት። «አይ ይግዛው፣ ሹፌር መስለኸን ነበር፤ ለካ ሚዛን ጠባቂ ኖረሃል።»

«አንተ ብትወርድልኝ ግማሹ ይቀል ነበር» አለው ይግዛው። ሰዉ ሳቀ። ጓንጉል ግን አልወረደም።

ቄሰ ገበዙ ገብረ ሊባኖስም ከጭነቱ ላይ ሆነው ለስለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ስለት አይመዘንም። ባለቤቱ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» አሉት።

«ይጠብቀው፣ አባ። እኔ ጋንቹ ላይ ስለት የሚል ጽሕፈት አላየሁም። ያየሁት ቁጥሩን ነው።»

«ቁልፌን አምጣ» አሉ ባላምባራስ። «ሹፌር አላጣም።»

«ቁልፉ የእርስዎ ነው፣ እንኩ። መቀርቀሪያውን ግን አልሰጥም። ከፈለጉ ያሳስሩኝ።»

ቤቱ ልጆች አሉ፤ የሚነዳው ሌላ ካሚዮን በሰቆጣ የለም። ቢሆንም እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ እመት ይታየሽ፣ በሰው ተደግፈው ከጭነቱ ወረዱ። «እስቲ ያችን ቆርቆሮዬን አቀብሉኝ» አሉ።

«ስለት እኮ መሬት አይነካም፣ እመት» አላቸው አንዱ።

«ማን መሬት አስነካለሁ አለ? ራስ አለኝ። ይልቅ እናንተ የጋዝጊብላ ሰዎች፣ አህዮቻችሁን ባዶ ጀርባቸውን ነው የምትመልሷቸው?»

ገበያተኞቹ አፍረው አህዮቻቸውን ከተሳቢው ጎን አስጠጉ። ሲሚንቶው ከተሳቢው ወደ አህያ ጀርባ፣ ምሰሶው ወደ ሰው ትከሻ ዞረ። አንዲት እንኳ መሬት አልነካችም። ቄሰ ገበዙም ወርደው እጃቸውን ዘረጉ። መጨረሻ የወረደው ጓንጉል ነበር፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ምሰሶ ለብቻው አሸከሙት።

ይግዛው የቀረውን ጭነት በዓይኑ መዘነ፤ ገና ነው ብሎ ጥቂት አስወረደ። ሲበቃው መቀርቀሪያውን መልሶ ሰካ፤ ድንጋዩንም ከጎማው ሥር አነሣ።

ባላምባራስ ቁልፉን ሲመልሱለት ፊታቸው እንደ ጠቆረ ነበር። «ይህን አድርስና ሥራህ አበቃ። ነገ ካሚዮኔ ላይ እንዳላይህ።»

«እሺ፣ ነገ የእርስዎ ነው» አለ ይግዛው፣ ሞተሩን እያስነሣ። «የዛሬው ቁልቁለት ግን የእኔ ነው።»

ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ ጥሩምባም ሳይነፋ፣ ቆርቆሯቸውን ተሸክመው ከፊት የሚሄዱትን እመት ይታየሽን በእርምጃቸው ልክ ተከተላቸው።