ጎረቤትዎስ እንዴት ናቸው?

ሠላሳ ሁለት ቅጽ ሞልቼ ሠላሳ ሁለቱም ላይ «ችግር የለም» ብዬ ስጽፍ ደስታዬ ወሰን አጣ። ጊዜው ግንቦት 1971 ነው። ከጎንደር የተላክሁ የዕርዳታ ገምጋሚ ነኝ፤ ብቻዬን ስወጣ ገና የመጀመሪያዬ ነው። ጦርነቱ አልፎ ወደተቃጠለ ቤታቸው የተመለሱት ገበሬዎች እህል ደርሷቸው እንደሆነ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም በደንቡ አከፋፍሎ እንደሆነ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ።

ከዳባት አንድ ሰዓት ሽቅብ የሚያስኬደው ይህ ቀበሌ እኔ የተመደብሁበት ነበር። የዘር ገብስ የጫነ መኪና ደባርቅ ቆሟል። ቀበሌው ተቸግሯል ብዬ ከፈረምሁ ገብሱ ዳባት ይራገፍለታል፤ ካልፈረምሁ መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ወደ ጎንደር መጋዘን ይመለሳል። ለመዝራት የቀረው ጊዜ አንድ ሳምንት ነው።

ሊቀመንበሩ ጋሼ ዋሴ ወይራ ሥር ተቀበሉኝ። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ «ምን ጎድሎን ልጄ፣ ተመስገን ነው» አሉኝ። የጠየቅኋቸው ወንዶች ሁሉ አፋቸው ላይ ስንጥር ነበር። እኔ ብልጧ ቅጹ ዳር ላይ «ሕዝቡ ከምግብ በኋላ ጥርሱን ሲጎረጉር ታይቷል» ብዬ ጻፍሁ።

መኪናችንን ወዳቆምንበት ዳባት ቁልቁለቱን ስንወርድ ቦርሳዬን የያዘው ሾፌራችን ጋሽ ክንዴ ሳቅ ሳቅ አለው። የዚያው አገር ሰው ነው።

«ጠዋት ቁርስ በልተዋል ወይ ስትይኝ ምን አልሁሽ?»

«በልቻለሁ አሉኝ።»

«ውሃ እንኳ አልቀመስሁም። ታዲያ ራበኝ ብዬ ለእንግዳ ልናገር?»

«ስንጥሩስ?»

«የጠገበ ለመምሰል ነዋ። አንቺ ረሃባቸውን ነው ጥጋብ ብለሽ የጻፍሽው።»

መጀመሪያ አፈርሁ፤ ቀጥሎ ተናደድሁ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ካዘጋጀነው የተማርን ሰዎች ይህን የሚያውቅ አንድ እንኳ አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳስብ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«ጋሽ ክንዴ፣ የጎረቤትን ረሃብስ ለእንግዳ ይናገራሉ?»

«እሱንማ ዝም ማለት ነው ነውሩ።»

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በመጀመሪያው ደጃፍ እመይቴ ታንጉት ቆመዋል፤ ጠዋት «ተመስገን» ብለው የሸኙኝ አሮጊት ናቸው።

«እመይቴ፣ ጎረቤትዎስ እንዴት ናቸው?»

«ማን፣ ስንቅነሽ? እሷማ አራስ ናት። አጥሚት ከቀመሰች ሦስት ቀኗ።»

ስንቅነሽ ዘንድ ገባሁ። ሕፃኑን ታቅፋ «እኔ ደህና ነኝ» አለች፤ «እመይቴ ታንጉት ግን ዘራቸው ከነጎተራው ተቃጥሎ ጎመን ቀቅለው ነው የሚውሉ።»

ከዚያ በኋላ የቀበሌው አፍ ተከፈተ። እርሳሴ አልደርስ አለኝ። የምሰማው ችግር ነው፣ እኔ ግን በደስታ እንቀጠቀጥ ነበር፤ እውነቱ እየወጣ ነዋ። ገሚሱ ሰው የመጨረሻ ቃሉ አንድ ሆነብኝ፤ «የዋሴን ቤት እይ።» ለካ ሊቀመንበሩ የራሳቸውን የእህል ድርሻ፣ ስም ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ለተመለሱ ሦስት ቤተሰቦች ሰጥተዋል። ከቤታቸው ጭስ ከወጣ ሰንብቷል።

ወይራው ሥር አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ጎረቤቶችዎስ?»

ስንጥሩን ከአፋቸው አወጡ። «ሁሉም ዘር የላቸውም ልጄ። ማሳው ታርሶ ባዶውን ተኝቷል።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ደህና ነኝ» አሉና ስንጥሩን መለሱት።

ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ አልፏል። ጫማዬን አውልቄ ሮጥሁ፤ ጋሽ ክንዴ ከኋላዬ ቦርሳውን አቅፎ «ትሰበሪያለሽ» እያለ ይከተላል። የዳባት መንገድ ስደርስ ከደባርቅ በኩል አቧራው ተነሥቷል። መሐል መንገድ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምሁ። የገብሱ መኪና ክላክሱን እያስጮኸ መጥቶ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ሲሰድበኝ ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቼ ፈረምሁ። ስድቡ ራሱ ጣፈጠኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሌው አህያውን እየነዳ ወረደ። ጋሼ ዋሴ ጆንያ ሲያሸክሙ ቆይተው ወደኔ መጡ።

«በልተሻል ልጄ?»

«በልቻለሁ ጋሼ» አልሁ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

እሳቸው ወደ ጋሽ ክንዴ ዞሩ። «ጎረቤትህስ እንዴት ናት?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።»

ጋሼ ዋሴ ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አወጡ። «አንቺ ስትጠይቂ ከዋልሽ ወዲህ ቤቴን ሰው አጣበበው፤ ሁሉም ያለውን ቆንጥሮ ነው የሚመጣ» አሉና ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። የቀረውን እዚያው ከፊቴ ቆመው በሉ።