ሳቋን የሚያውቅ ሰው

ልብስ ሰፊዋ በስፌት ጥርሷን የነቀለች ናት ይባልላታል። አባባሉ የቆየ ሙያን ለማወደስ ነበር፤ እሷ ላይ ሲደርስ ግን ቃል በቃል ሆነ። ክር በመቀስ መቁረጥ ጊዜ ማባከን ስለሚመስላት ዕድሜዋን ሙሉ በፊት ጥርሷ ስትበጥሰው ኖረች። ጥርሱ መጀመሪያ ተሸረፈ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻም ከነሥሩ መነቀል አለበት ተባለ። መቀሱ እኮ ሁልጊዜ ከአጠገቧ ነበር! ግን ማን ይነግራታል?

የሰፈሩ ሰው “ዝም አይነቅዝም” የሚል ቅጽል ስም አውጥቶላታል። ጨዋታ አታበዛም፣ ሐሜት አትወድም፤ ደንበኛ ሲመጣ “እጅሽን ዘርጊ”፣ “ዙሪ”፣ “ማክሰኞ ነይ” ትላለች፣ ይኸው ነው። ዝም አይነቅዝም እውነት ነው፤ የዝምተኛ ሰው ጥርስ ግን እንደማንም ሰው ጥርስ ይነቅዛል። ከተሰነጠቀባት ወዲህ ስታወራ አፏን በእጇ መሸፈን ለምዳ ነበር። ያየ ሁሉ ጨዋነት ነው ብሎ አለፈው።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ቀላል፣ አንደበቷ ፈጣን። የተሰነጠቀውን ነቅላ አጥንቱ ውስጥ ትንሽ ብሎን ቀበረችበት። ኢምፕላንት ይባላል አለቻት። አጥንቱ ብሎኑን አጥብቆ እስኪይዘው ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ሰው ፊት እንዳታፍር የምትወልቅ ጊዜያዊ ጥርስ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋም ጊዜያዊውን እየሰካችና እያወለቀች፣ ለስላሳ ለስላሳውን እየበላች፣ ክሯን በንዴት በመቀስ እየቆረጠች ወራቱን ገፋቻቸው።

ጣጣው የመጣው ብሎኑ ላይ የሚታሰረው ዋናው ጥርስ ሊሠራ ሲል ነው።

“ጥርስዎ ሳይሸረፍ በፊት ሲስቁ የተነሱት ፎቶ ይኖርዎታል?” አለች ሐኪሟ። “ቅርጹን ከእሱ ላይ አይ ነበር።”

ቤቷ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አገላበጠች። በሁሉም ላይ ከንፈሯ ግጥም ብሏል። ወንድሟ የተመረቀ ቀን፣ ያ ደስታዋ ወሰን ያጣበት ቀን እንኳ፣ ካሜራውን የምታየው የተንሻፈፈ ስፌት እንደምታይ ዓይኗን አጥብባ ነው።

“እንግዲያው ጥርሱ ሲደርስ ሳቅዎን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ” አለቻት ሐኪሟ። “እርስዎ መስታወት ውስጥ የሚያዩት ግራና ቀኙ የተገለበጠ ፊት ነው። ይኼ ደግሞ የፊት ጥርስ ነው፤ ‘አዎ፣ እሷ ናት’ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማለት ዋጋ የለውም።”

ልትከራከር አሰበችና ተወችው። እሷስ ደንበኞቿን “ከኋላ የሚያይልሽ ሰው ይዘሽ ነይ” አይደል የምትላቸው?

ሳቋን የሚያውቅ ሰው። የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አሰበች። ደንበኞቿ እሷ ዘንድ መጥተው የሚያዩት መስታወቱን ነው፤ እሷን ማን ያያል? ጎረቤቷ ገና ትናንት የገባች ናት። ባል አላገባችም፤ እናታቸው ስትሞት ወንድሟ የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን ነበርና ለትዳር የሚሆን ጊዜ ከየት ይምጣ። ሰው በሞላበት ከተማ አንድ ሰው ጠፋ። ይህ ነገር ከመርፌውም ከመሰርሰሪያውም ይልቅ አስፈራት። ሳቋን ያየ ከሌለ፣ ስቃ ታውቃለች ብሎ ማን ይመሰክርላታል?

ለወንድሟ ደወለች።

“እትዬ! ምን ሆንሽ?” አለ ገና ሳትናገር። እሷ ከደወለች አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

“ምንም አልሆንኩ። ሐሙስ ጥርሴን ያስገቡልኛል፤ መጥተህ እንድታይልኝ ነው።”

“እኔ ደግሞ ስለ ጥርስ ምን አውቄ?”

“ጥርሱንማ እሷ ታውቀዋለች። ሳቅሽን የሚያውቅ ሰው አምጪ ተብዬ ነው።”



“እመጣለሁ እትዬ። እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል።”

ይቺን ቃል ይዛ ሰነበተች። እጅጌ ስትገጥም፣ ካውያ ስታሞቅ፣ እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል እያለች ለብቻዋ ትኮራለች። አንዲት ደንበኛዋ “ምነው ዛሬ ፊትሽ በራ?” ብትላት “ዙሪ” ብላ አለፈቻት።

ሐሙስ ዕለት ወንድሟ ዘግይቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እየተጣደፈ ገባ። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ስልኩ ጤና አይሰጠውም። “መልሼ እደውላለሁ” ብሎ ዘጋው። እህቱ የሕክምናው ወንበር ላይ ተንጋላለች፤ መብራቱ ፊቷ ላይ በርቷል። ስታየው ደስ አላትና ከንፈሯ በትንሹ ተከፈተ።

“ኧረ እትዬ!” አለ እጁን እያማታ። “ቁርጥ እሷ! ልክ እንደ ድሮው እኮ ነው! ዶክተር፣ እጅዎን ይባርከው!”

ሐኪሟ ትንሽ ሣጥን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

“ገና ነው፣ ጌታዬ” አለች ቀስ ብላ። “ይኼ ጊዜያዊው ነው፤ ወራት አድርገውታል። ዋናው እዚህ ውስጥ ነው።”

በእነዚያ ወራት ወንድሟ አንድ ሁለቴ ቤቷ መጥቶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ምሳ በልቶ ሄዷል። ያኔም ይኸው ጥርስ አፏ ውስጥ ነበር። የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋው።

“ተይው ዶክተር፣ ሲቀልድ ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ከልጅነቱ ቀልደኛ ነው።” ቀልደኛ ሆኖ አያውቅም። አለኝ ያለችው አንድ ሰው ግን እሱ ነበር።

ሐኪሟ ጊዜያዊውን አውልቃ አዲሱን በቦታው አስቀመጠችው። “እስቲ ይሳቁ።”

ሳቅ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? ከንፈሯን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳበችው፤ ሳቅ ሳይሆን ጥርስ ማሳየት ሆነ። ወንድሟ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና ወንበሩ ሥር ቁጢጥ አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ አተኩሮ አይቷት አያውቅም።

“እኔ እንጃ እትዬ” አለ በመጨረሻ። “እውነቱን ልንገርሽ? ሳቅሽን አላውቀውም።”

እጇን እንደ ልማዷ ወደ አፏ ሰደደች።

“ልጅ ሆኜ አፍሽ ሁልጊዜ እስፒል እንደነከሰ ነበር። በከንፈርሽ ጫፍ ነው የምታወሪኝ። ትምህርት ቤት የሰማሁትን ቀልድ ይዤልሽ በሩጫ እመጣና በሩ ላይ ሳይሽ እተወዋለሁ። ከሳቀች እስፒሉን ትውጠዋለች፣ ትሞትብኛለች ብዬ። ከዚያ በዚያው ለመደብኝ።”

ሐኪሟ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ልብስ ሰፊዋ መቆጣት አማራት፤ ግን ማንን ትቆጣ? እስፒሉን የነከሰችው እሱን ለማሳደግ ነው፤ እሱም ቀልዱን የዋጠው እሷን ላለማጣት ነው። ሁለቱም ደግ አሰቡ፤ ባዳ ሆነው ቀሩ። 

“አንዱን እንኳ ታስታውሰዋለህ?” አለችው።

“የቱን?”

“ከቀልዶቹ።”

አሰበ፤ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “አይ እትዬ። ረሳኋቸው።”

“በቃ፣ ይጥበቅ” አለች ለሐኪሟ። ብሎኑ ጠበቀ። ጥርሱ ጥሩ ጥርስ ነበር።

የክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ ወንድሟ ቆመ። “መኪናዬ እዚሁ ናት። ቤት ላድርስሽ?” አላት። ስልኩን አውጥቶት ነበር፤ ግን የሚያየው እሷን ነው።

አዎ ልትል ነበር። አዎ አድርሰኝ፣ ከደረስንም ግባ፣ ተቀመጥ፣ የመጣልህን አውራኝ፣ አሁን አፌ ውስጥ ምንም የለም። ይህ ሁሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ከትንሽነቱ ጀምሮ ስትለው የኖረችው ነው።

“አይ፣ ሥራ አለብህ። ሂድ።”

አንዴ እምቢ ቢላት፣ ክንዷን ይዞ ቢጎትታት ይበቃት ነበር። እሷ ግን በደንብ ነው ያሳደገችው። ታዛዥ ልጅ ነው፤ ሄደ።